ድርቅ የምታውቀው እናቴ

እናቴ የድርቅ ባለሙያ ሆና የተሾመችው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለአሠሪዋ ለማዳም ጓደኞች ሻይ ስትቀዳ ነው። ሹመቱ ሲሰጥ እኔም ነበርኩ። በወጥ ቤቱ በር አጮልቄ እያየሁ፣ ከእንግዶቹ የተረፈ ቴምር እበላ ነበር።

"አትክልተኛውን አሰናብቼዋለሁ" አለች ማዳም ለጓደኞቿ። "ከእንግዲህ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ አትፈስም። የምተክለው ድርቅ የሚችል ተክል ብቻ ነው። የሚመርጥልኝ ሰው ደግሞ እዚሁ ቤቴ ውስጥ አለ።" ጣቷን ወደ እናቴ ቀሰረች። "ማሚቴ ኢትዮጵያዊት ናት። ድርቅ ታውቃለች።"

እንግዶቹ ሁሉ ዞር ብለው እናቴን አዩዋት። አንዷ ወፍራም ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠችላት። እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ፈገግ አለች። እኔ በኩራት የምሆነውን አጣሁ። እናቴ ምግብ እንደምታውቅ፣ ልብስ መተኮስ እንደምታውቅ አውቅ ነበር፤ ድርቅ ማወቋን ግን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር።

አልነገረችኝም፣ ምክንያቱም አታውቅም። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ጉለሌ ነው። የቤታቸው ግቢ ሲሚንቶ ነበር። በዕድሜዋ ያየችው ትልቁ ድርቅ ቧንቧ ጠፍቶ ጀሪካን ይዛ የተሰለፈችበት ሰሞን ነው። ዛሬ አጅማን አል ጁርፍ ባለችው ቤታችን ይህን ወሬ ሳነሳባት ትቆጣለች። "ታዲያ ምን ልበላት? 'ማዳም፣ እኔ የማውቀው የክረምት ጎርፍ ነው' ልበላት? የሾመ ሰው እኮ አይመለስም" ትለኛለች።

ማዳምን ለድርቅ ያነሣሣት ከአንዲት ጓደኛዋ ቤት የሰማችው ንግግር ነው። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ መጥቶ፣ የዘመኑ ሰው ግቢውን ውሃ አያጠጣም ብሎ ነገራቸው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይላል የአገሬ ሰው። ዱባይ፣ አል ማምዛር ያለው የማዳም ቪላ የመዋኛ ገንዳው እስከ አፉ ሙሉ ነበር። መኪኖቹን አባቴ በየጠዋቱ እንደ ሙሽራ ያጥባቸዋል። ድርቁ የታወጀው በአትክልቱ ላይ ብቻ ነው።

እኛ የምንኖረው ከዚያ ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። አባቴ ንጋቱ የቤቱ ሾፌር፣ እናቴ የቤቱ ሠራተኛ። ባልና ሚስትን ከነልጃቸው የሚያስጠጋ ቤት ማግኘት በዚህ አገር ሎተሪ ነው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን ማዳም እናቴን ጠርታ እንዲህ አለቻት፦

"ማሚቴ፣ ከሽርሽር ስመለስ አትክልቱ ደርቆ ባገኘው ሙሽኪላ፣ ትልቅ ችግር ነው። ሌላ አትክልተኛ እቀጥራለሁ። እሱም ማደሪያ ይፈልጋል።"

ማደሪያ የምትሆነው የእኛዋ ክፍል ብቻ ናት። ክፍሏ ከተወሰደች እናቴ ወጥ ቤቱ ጎን ካለችው ጓዳ፣ አባቴ ከጎረቤት ሾፌሮች ጋር፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ነው የምንበተነው። ይህን ያኔ ማንም አልነገረኝም። ሰባት ዓመቴ ነው። የሰማሁት ማታ ማታ እናቴና አባቴ ሲንሾካሾኩ "ድርቁ ከመምጣቱ በፊት" የሚሉትን ብቻ ነበር። ስለዚህ ድርቅ የሚመጣ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ምናልባት የማዳም ዘመድ።

"አባዬ፣ ድርቅ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው?" ብዬ ጠየቅሁት አንድ ጠዋት፣ የመኪና ጎማ ሲያሽ።

"በምንም ይምጣ፣ አይቀርልንም" አለኝ።

*

አርብ የእናቴ የዕረፍት ቀን ነበር። የሙያ ምክር ፍለጋ አል ሙራቃባት ሄድን፤ እነሰኪና አልጋ አልጋ ተከራይተው ወደሚኖሩበት ቤድ ስፔስ። ክፍሏ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደራራቢ አልጋ ናት። ሰኪና የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ የውበት ሳሎን ውስጥ ትሠራለች፣ የእናቴም የልብ ጓደኛ ናት። እናቴ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ የመጣችበትን አስረዳች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አዘኑላት። ከዚያ እናቴ አፏ አመለጣት።

"እንግዲህ ሰኪዬ፣ መቼም እናንተ ወሎዎች ድርቅ ታውቃላችሁ ብዬ ነው..."

ሰኪና ጸጉሯን እያበጠረች ነበር፤ ማበጠሪያውን አስቀመጠችው።

"ምን አልሽኝ?"

"አይ፣ እንዲያው..."

"እኔን? የቦርከናን ልጅ? ወላሂ እኛ ሰፈር ያስቸገረን ረግረጉ ነው! በሬ ሰጥሞ በገመድ ሲጎተት እያየሁ ነው ያደግኩት። አንቺ ማሚቴ፣ ማዳምሽ የሰደበችሽን ስድብ ይዘሽ መጥተሽ ለእኔ ታቀብይኛለሽ?"

እናቴ ፊቷ ቀላ። ሰኪና ራሷ አላስቻላትም፣ ሳቀች። "ይልቅ ሀዲያን ጠይቂ። ደረቁ የእነሱ አገር ነው" አለች።

ከላይኛው አልጋ የሀዲያ ራስ ብቅ አለ። "እኔን ነው? ኧረ በአላህ! የሐይቅ ልጅ እኮ ነኝ! ውሃው በራችን ድረስ ነው፣ ዓሣ ሰልችቶኝ ነው ያደግኩት። ቆላ ወርደሽ ጠይቂ።"

እንዲህ እያለ ድርቁ ከአልጋ አልጋ ተላለፈ። ከሐይቅ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ታች እየተገፋ ወርዶ ወርዶ፣ በመጨረሻ ያረፈው እዚያ ክፍል ውስጥ በሌለች አንዲት ልጅ አገር ላይ ነው። እዚያ ካሉት አንዷም አልተቀበለችውም። እናቴ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር የመጣችው።

ድርቅ አናውቅም ያሉት ሁሉ ግን ምክር አልነፈጓትም። አንዷ እሬት አለች። ሌላዋ ቁልቋል። ሌላዋ ደግሞ ተክሉን በቃል ማባበል ያስፈልጋል አለች። ብዙ ተከራከሩ፤ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው።

"ብቻ ሰኔን እንዳታሳልፊው" አለች ሰኪና። "ተከላ በሰኔ ነው።"

"ይሄማ ማን ይጠፋዋል" አለች ሀዲያ። "ሐምሌ ሥር ያስይዝልሻል።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እናቴም ነቀነቀች። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሴቶች የዱባይን ሐምሌ በየዓመቱ በላባቸው ያሳለፉ ናቸው። ከሜትሮ ወርደው ቤታቸው እስኪገቡ ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ የሚጣበቅ ናቸው። ግን ስለ ተክል ሲወራ አፋቸው የሚናገረው ባደጉበት ደመና ነበር። ያን ቀን አንዲት ሴት እንኳ "የምን ዝናብ?" ብላ አልጠየቀችም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እናቴ ሻርጃ ካሉት የችግኝ ሱቆች ያገኘችውን ሁሉ ገዛች። ሻጩ ድርቅ የማይችል ተክል የለኝም ብሎ ማለላት፤ ለጽጌረዳው ሳይቀር "ዋላሂ" አለ። ልክ ሰኔ ሲገባ፣ እነማዳም አውሮፓ ለሽርሽር በሄዱ ማግስት፣ አባቴ እየተነጫነጨ ቆፈረ፣ እናቴ ተከለች። እኔ ለእያንዳንዱ ተክል "በርታ፣ አይዞህ" እያልኩ ዞርኩ። ያቺ የቃል ማባበል ነገር በጣም ጥማኝ ነበር።

ውሃ ሰርቆ ማጠጣት አይቻልም። ማዳም ከጣሪያው ሥር ካሜራ አስተክላ ነው የሄደችው። አንድ ቀን እናቴ ባልዲ ይዛ ብቅ ብትል ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

"ማሚቴ፣ ባልዲው ምንድን ነው?"

"ልብስ ላጥብ ነው፣ ማዳም።"

"ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ውጭ?"

እናቴ ባልዲውን ይዛ ተመለሰች። ማዳም ከየትኛው ሐይቅ ዳር ሆና እንደደወለች እግዜር ይወቅ።

*

በዚያው ሳምንት ድርቅ መጣች።

የመጣችው በገዛ መኪናችን ነው፤ ይዟት የመጣውም አባቴ ራሱ ነው። ከኋላ ወንበር ስትወርድ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ጥቁር ለብሳለች። ፊቷ ላይ ወርቅ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ጭምብል አለ። በዚያ መሃል የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። እጇ ደግሞ ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ውሃ ነክቶት የማያውቅ ይመስላል። እንዳየኋት አወቅኳት። ሮጬ አልጋ ሥር ገባሁ።

ሴትዮዋ የማዳም አማት ነበሩ። ጭምብሉም የአገሩ አሮጊቶች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። ቤተሰቡ ያዱ ይላቸዋል፣ አያቴ ማለት ነው። ከሻርጃ ወዲያ አሸዋው መሃል ያለችውን ዘይድን ለቀው መሄድ አይወዱም። አውሮፕላንም አይወዱም። ስለዚህ እነማዳም ሲሄዱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ እኛ ዘንድ ይመጡ ነበር። ማዳም እንግዳ ሲኖራት ያዱ ከላይኛው ፎቅ እንዳይወርዱ በዘዴ ይደረጋል። ያዱ ጮክ ብለው ያወራሉ፣ ወለል ላይ ይቀመጣሉ፣ የቤቱን ውበት ያበላሻሉ ተብሎ ነው። አሁን አንቱ እላቸዋለሁ፤ ያኔ ግን በልቤ "አንቺ" ነበር የምላቸው፤ የቤታችን ጠላት ናቸዋ።

ጠላትነታቸውም ወዲያው ታየ። እሳቸው በገቡ በጥቂት ቀን ጽጌረዳው ራሱን ደፋ። ቁልቋሉ ከጎኑ ጠወለገ። እሬቱ እንኳ ተቀቅሎ የጉበት መልክ ያዘ። ያዱ በረንዳው ጥላ ሥር ምንጣፍ አስነጥፈው ቀኑን ሙሉ ተክሎቹን ያያሉ። ሲያዩዋቸው ነው የሚሞቱት ብዬ አመንኩ። አንድ ቀን ፀሐይ ስትበርድ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፣ አንዱን ተክል ጎትተው ነቀሉ፣ ሥሩን አሽትተው ወረወሩት። ሁለተኛውንም። እሪ አልኩ።

"እማዬ! እማዬ! ድርቅ እየነቀለችው ነው!"

እናቴ እጇ ሳሙና እንደሆነ ሮጣ ወጣች።

"የሞተ ነው" አሏት ያዱ በዓረብኛ። "በዚህ ወር ትከይ ያለሽ ማን ነው?"

"በአገሬ የሚተከለው በዚህ ወር ነው።"

"በአገርሽ በዚህ ወር ምን ይሆናል?"

መልሱ አፏ ላይ ሲደርስ ነው የገባት። "ዝናብ ይዘንባል" አለች በቀስታ።

ያዱ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ምርኩዛቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። "ዝናብ ይዘንባል! ታዲያ ድርቅ ታውቃለች የተባልሽው አንቺ ነሽ?"

ያን ጊዜ እናቴ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። አለቀሰች። ከባሏ በቀር ለማንም ያላወራችውን በወጥ ቤት ዓረብኛዋ አፈሰሰችላቸው፦ ድርቅ እንደማታውቅ፣ የምታውቀው ቧንቧ እንደሆነ፣ ተክሎቹ ከሞቱ ክፍላችን እንደሚወሰድና እኔ እንደምሄድ። እኔ ከሩቅ ነበርኩ። ዓረብኛውን ለቃቅሜ ነው የሰማሁት። ያየሁት ግን እናቴ በድርቅ እግር ሥር ወድቃ ስትለምን ነው። ደግሞም ያዱ ያን የተሰነጣጠቀ እጃቸውን እናቴ ራስ ላይ አደረጉት። እርቅ ሆነ ማለት ነው፤ ተገላገልን አልኩ።

ያዱ እናቴን በእጇ ይዘው ወደ ክፍላችን ጀርባ ወሰዷት። ልብስ የምናሰጣበት ቦታ አንድ እሾኻም ተክል አለ፤ ቀሚሴን ስንቴ ቀዶብኛል። የበፊቱ አትክልተኛ ሲቆርጠው መልሶ ይበቅላል። አጥሩን ተጠግተው ደግሞ ጋፍ የሚሉት የአገሬው ዛፍ ለጋዎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግራጫ ቁጥቋጦ አለ።

"ይህን ማን ያጠጣዋል?" አሉ ያዱ።

"ማንም።"

"ማን ተከለው?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ትመርጫለሽ? የሚችለው ራሱን መርጦ ቆሞልሽ የለም እንዴ?"

በሚቀጥለው አርብ ሰኪና ልትጠይቀን መጣች። እሾኻሙን ተክል ስታይ ቦርሳዋን ጣለች። "ኧረ ቁርቁራ! ይሄ እኮ ቁርቁራ ነው! እኛ አገር ሞልቷል፣ ፍሬውን ስንለቅም ነው የምንውለው፣ ድርቅ አይነካው!"

"እናንተ አገር ረግረግ ነው አላልሽም?" አለቻት እናቴ።

"እሱማ... ወደ ቆላው ወጣ ሲሉ ደግሞ..." ብላ ሰኪና ወሬ ቀየረች።

በዚያ በጋ ሥራው መትከል ሳይሆን መተው ሆነ። ከፊት ለፊት የደረቀውን ሣር አነሡ፣ አሸዋውን በመጥረጊያ አስተካከሉ። አጥር ሥር ተደብቆ የኖረውን ሁሉ ቆሻሻውን ከላዩ አንሥተው ገለጡት። ግቢውን በሙሉ በእግራችን ስንዞረው፣ ከፊት ለፊቱም ሣሩ ሸፍኖት የኖረ ብዙ የቁርቁራና የጋፍ ለጋ ወጣ። ያዱ ከምንጣፋቸው ሆነው በምርኩዝ ያሳያሉ፣ "ይህን ተዪው፣ ያንንም ተዪው" ይላሉ። እኔ ግን በዓይነ ቁራኛ እጠብቃቸው ነበር። እናቴ ብትታረቃትም እኔ ከድርቅ ጋር አልታረቅኩም ነበር።

*

ማዳም መስከረም ላይ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ መነጽሯን አነሣች።

"አትክልቴ የት አለ?"

"ይሄው ማዳም" አለች እናቴ።

"ይሄ? ይሄ እኮ በረሃ ነው!"

አባቴ ከሻንጣዎቹ መሃል ቆሞ ክፍላችንን አየ። እናቴ እኔን አየች። እግዚአብሔር ሲጥል አይጨክንም፤ በዚያው ቀን ከሰዓት ያቺ ከንፈሯን የመጠጠችልን ወፍራም ሴትዮ እንኳን ደህና መጣሽ ልትል መጣች። ገና በር ላይ "ያሰላም!" ብላ ስልኳን አወጣች። ቁርቁራውን ከፊት አነሣችው፣ ከጎን አነሣችው፣ ተንበርክካ አነሣችው። "እንዲህ ያለ ነገር መጽሔት ላይ ነው ያየሁት! ማን ነው የሠራልሽ?"

ማዳም ምራቋን ዋጠች። "የእኔዋ ኢትዮጵያዊት ናታ" አለች። "ድርቅ ታውቃለች አላልኳችሁም?"

ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ጎረፈ። "የአፍሪካ አትክልት" አሉት። አንዷ ቅርፁን ጥንታዊ የአፍሪካ ጥበብ አለችው። ያዱ ከበረንዳው "ይሄ እኮ የአባቴ ግቢ ነው" አሉ። ማንም አልሰማቸውም። እኔ ሰማኋቸው፤ ግን ድርቅ አባት ይኖራታል ብዬ አላመንኩም።

ማዳም ስሟ ሲገን ሐሳብ መጣላት። የፊቱ ግቢ እንዲህ ካማረ ጀርባውስ? ጀርባው ላይ ያለችው ክፍል ብትፈርስ አትክልቱ ቪላውን ይዞረዋል። ደግሞ አትክልተኛ አያስፈልግም፣ ስለዚህ ማደሪያም አያስፈልግም። ውሃም ሰውም የማይፈልግ አትክልት እኮ ነው! ይህን ለእናቴ የነገረቻት ደስ ብሏት ነው። "ያንቺ ሥራ ነው፣ ማሚቴ። እንዲሰፋልሽ አትፈልጊም?"

አባቴ የዚያን ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" አለ። ለማን እንደሆነ አልገባኝም። በሬ አልነበረንም።

ከዚያ ግብዣ ተደረገ። እናቴ የእንግዳ ልብስ ለብሳ ከግድግዳው ጥግ ቆማለች። ማዳም ጠራችኝና መሃል አቆመችኝ። ቀይ ሪባን የታሰረበት ፖስታ ሰጠችኝ። "የጎበዟ ማሚቴ ልጅ አገሯን ትይ፣ የአውሮፕላን ቲኬቷ ከእኔ ነው" አለች። ሁሉም አጨበጨቡ። እጅ ነሣሁ። ሁለት ጊዜ ነሣሁ፣ ጭብጨባው ደስ ሲለኝ። ያዱ ብቻ አላጨበጨቡም። ድርቅ ተሸንፋ ነው ያኮረፈችው ብዬ ምላሴን አወጣሁባቸው። እናቴ ታለቅስ ነበር። አባቴን "ምን ሆና ነው?" ስለው "ደስ ብሏት" አለኝና ወደ መኪናው ሄደ።

ቲኬቱ የመሄጃ ብቻ ነበር። መመለሻውን እኔው ራሴ የገዛሁት ካደግኩ በኋላ፣ ሥራ አግኝቼ ስመጣ ነው። እስከዚያ ድረስ እናቴ ለእኔ በየአርቡ የምትደውል ድምፅ ነበረች።

ሻርጃ አየር ማረፊያ አንዲት ሠራተኛ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ፖስታዬ ደረቴ ላይ ነው። ላገኘሁት ሰው ሁሉ "እናቴ ስላሸነፈች የተሸለምኩት ነው" እላለሁ። ከኋላዬ ስሜ ሲጠራ የሰማሁ መሰለኝ። ሠራተኛዋን እየጎተትኩ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

እናቴ ማዳምን አትወቅስም። "ምን ታድርግ፣ ያየችው አትክልቱን ነው" ትላለች። ካሜራውንም፣ ክፍሏንም፣ በጓዳ ያሳለፈቻቸውን ዓመታትም ትስቅባቸዋለች። እስከ ዛሬ የሚያማት አንድ ነገር ነው። ትናንትና ራት ስንበላ እንኳ ደግማ አነሣችው፤ እንጀራውን ቆርሳ ሳትጎርሰው፦

"እኔ እንደ እብድ ስጮህ፣ አንዴ እንኳ ዞር ብለሽ አላየሽኝም።"

ያሸነፈ ሰው ወደ ኋላ የሚያይ አልመሰለኝም ነበር፣ እማዬ።